ለቦሎ የተቆላ ሰሊጥ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከጥፋቴ ልጀምር። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ይህን የምናገረው ልኮራበት አይደለም፤ ከዚህ በታች የማወራውን ቂልነት የፈጸመው ያልተማረ ሰው እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው። ያልተማረ ሰው እዚህ ደረጃ አይደርስም። ጎረቤቴ ያሉት አዛውንት ገበሬ ፊደል አልቆጠሩም፤ መኪና ሲያምራቸው መኪና ገዙ፣ ነዱት፣ በቃ። እኔ ግን መኪና ገዝቼ ላሻሽላት ተነሣሁ።

የማስተምረው ገንዳ ውሃ ነው። ከጎንደር ተነሥቶ ወደ መተማ የሚወርድ ሰው ሹራቡን ነጋዴ ባሕር ላይ ያወልቃል፤ ገንዳ ውሃ ሲደርስ ደግሞ ሹራብ የሚባል ነገር ለምን እንደተፈጠረ ይረሳል። እዚህ አገር ሁለት ነገር በደንብ ይበቅላል፤ ሰሊጥና ምክር። ሰሊጡ በዓመት አንዴ ነው። ምክሩ ግን ዝናብ አይጠብቅም፣ አረም አያጠቃውም፣ አጫጅም አይፈልግም፤ በር ላይ ከቆማችሁ ራሱ እየመጣ ይታጨዳል።

አንዲት አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ አለችኝ። ሜዳ ላይ ጨዋ ናት። እስከ ሽንፋ ብትሄዱባት፣ እስከ ድንበሩ ብትወርዱባት ቅሬታ የላትም። ዳገት ስታይ ግን ጥያቄ እንደተጠየቀ ሰነፍ ተማሪ አንገቷን ትደፋለች። አንድ ቀን ከነጋዴ ባሕር በላይ ወደ አይከል የሚወጣውን ዳገት ስታገል፣ ሰሊጥ እስከ አፍንጫው የጫነ አይሱዙ አለፈኝ። እሺ ይለፍ፣ ሥራ አለው አልሁ። ቀጥሎ ሕዝብ የጫነ አውቶቡስ አለፈኝ። እሱም የሚጠብቀው ዘመድ ይኖረዋል አልሁ። በመጨረሻ ሁለት በሬ የሚነዱ ሽማግሌ ከጎኔ ደርሰው በመስኮቱ ጎንበስ አሉና፣

«ልጄ፣ ተበላሽታብህ ነው ወይስ እያረፍህ ነው?» አሉኝ።

እየነዳሁ ነው ለማለት አፈርሁ።

«እያረፍሁ ነው አባቴ።»

«እረፍ፣ እረፍ» አሉና በሬዎቻቸውን ይዘው አለፉ።

ያን ዳገት የምወጣው ለሽርሽር አልነበረም። የባለቤቴ የአለምነሽ እናት አይከል ናቸው፤ ያን ቀን የሄድሁትም አለምነሽ የመጀመሪያ ልጃችንን ማርገዟን ላበስራቸው ነበር። በእኛ ወግ የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው። አለምነሽ ራሷ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ በየሳምንቱ ስንቱን ሕፃን ትቀበላለች። ለራሷ ሲሆን ግን እናቷ አጠገቧ ካልሆኑ አይሆንም። እኔም እልል ብለው ሲጨርሱ ፊታቸው ቆምሁና፣ «እሜቴ፣ ወሯ ሲገባ በራሴ መኪና አመጣልዎታለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ። አማቴ ደጅ የቆመችውን ፒካፕ ረዘም ላለ ጊዜ አዩዋት።

«እግዜር ይርዳህ» አሉኝ።

«እግዜር ይርዳህ» ሰው ሲተማመንብህ የሚልህ ቃል አይደለም። ስመለስ ቁልቁለቱን ሁሉ ይኸን ሳሰላስል ወረድሁ።

ገንዳ ውሃ እንደ ደረስሁ በቀጥታ ኡስታ ገብሬ ዘንድ ሄድሁ። ከድንበሩ ማዶ ያሉ ሱዳኖች የእጅ ባለሙያን «ኡስታ» ይሉታል፤ ገብሬም ወጣትነቱን ገዳሪፍ ውስጥ መኪና ሲፈታ ሲገጥም ስላሳለፈ ማዕረጉን ይዞት ተመልሷል። ጋራዡ አንድ የኒም ዛፍ ነው። ጥላው ሲዞር ጋራዡም አብሮ ይዞራል። ኮፈኑን ከፈተ፣ ሞተሩን አስነሣ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ሰጣት።

«መምህር፣ ይቺ አልታመመችም» አለኝ። «አየር አጥሯት ነው እንጂ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ቱርቦ!»

ቱርቦ ምን እንደሆነ ለማታውቁ ላስረዳ፤ ማስረዳት ልማዴ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ አንዲት ትንሽ መዘውር ያሾራል። መዘውሯ ስትሾር ከውጭ አየር እየሳበች ወደ ሞተሩ ታጭቃለች። ሞተሩም ብዙ አየር ስላገኘ ጉልበት ይጨምራል። ሊጣል የነበረ ጭስ ተመልሶ ሥራ ይሠራል ማለት ነው። ይህ ለአንድ የፊዚክስ አስተማሪ ምን ዓይነት ፈተና እንደሆነ የሚገባው ሌላ የፊዚክስ አስተማሪ ብቻ ነው። በማግስቱ የአሥራ አንደኛ ክፍልን አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ስለ ቱርቦ አስተማርሁ። የዕለቱ ርዕስ ሌላ ነበር።

ዕቃው ከየት መጣ ብትሉ፣ ሽንፋ አካባቢ አንድ እርሻ ላይ ከተቃጠለ ትራክተር ነው። ኡስታ ገብሬ «ትራክተሩ ሞተ እንጂ ቱርቦው አልሞተም» አለኝ። ቀንድ አውጣ የሚመስል የብረት ነገር ነው፤ ለእኔ ፒካፕ ትንሽ ገዘፍ ይላል። እሱን ለመግጠም የመኪናዬን የድሮ የጭስ መሰብሰቢያ ብረት ፈታው። «ይኸንስ ምን ላድርገው?» ቢለኝ፣ «ጣለው» አልሁት። ልቤ ሰፍቶ ነበር። ከዚያ የናፍጣ ፖምፓውን ከፈት አደረገ። አየር ከጨመርንላት ምግብም መጨመር አለብን ባይ ነው።

እውነቱን ለመናገር ፒካፗ ተለወጠች። ነዳጅ ስትሰጧት መጀመሪያ ዝም ትላለች። ትጨምሩላታላችሁ፣ አሁንም ዝም። ከዚያ፣ ስድቡ ቆይቶ እንደገባው ሰው፣ ድንገት ታፏጭና ትስፈነጠራለች። ከኋላዋ የሚወጣው ጭስ ግን ጥቁር ነው፤ ጥቁር ስላችሁ የሰሌዳ ዓይነት ጥቁር። የሠፈራችን ሴቶች ልብስ ከማስጣታቸው በፊት «መምህሩ ሄዷል?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ። እኔ ይኸን እንደ ዝና ቆጠርሁት።

አለምነሽ አንድ ሁለት ቀን ተሳፈረችና ከዚያ ወደ ሥራ በእግሯ መሄድ አመጣች።

«ያስፈራኛል» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ድንገት ስትነሣ። ሆዴ ወደ ኋላ ይቀራል።»

«ፉጨቱ ነው የሚያስፈራሽ። ፉጨቱ እኮ የአየር ግፊት ነው» አልኋትና ወረቀት አምጥቼ መዘውሩን፣ አየሩን፣ ቀስቶቹን ሁሉ ሣልሁላት። አለምነሽ ሥዕሉን በትዕግሥት ተመለከተችው።

«ሥዕሉማ አያስፈራም» አለች። ጫማዋን አደረገችና በእግሯ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች። እኔም ለእርጉዝ ሴት የእግር መንገድ ጥሩ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ኅዳር ገባ። አለምነሽ ዘጠነኛ ወሯን አጋመሰች፤ የመኪናዬ ቦሎ ደግሞ አለቀ። ቦሎ ማለት መኪናዋ ተመርምራ ለአንድ ዓመት በመንገድ ላይ መታየት እንደምትችል የሚመሰክር፣ መስተዋት ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ነው። ከተማ ውስጥ ያለ እሱ ድብብቆሽ መጫወት ይቻላል። አይከል ለመውጣት ግን ኬላ አለ፤ ኬላው ላይ ቦሎ የሌለው መኪና ታርጋውን ተፈትቶ ይቀራል። በአውቶቡስ ትሂድ እንዳልል፣ ጊዜው የሰሊጥ አጨዳ ያበቃበት ነው። ሳሉግ የምንላቸው የደጋ ቀን ሠራተኞች በሺህ እየሆኑ ወደ አገራቸው የሚመለሱበት፣ አውቶቡሱ በበሩም በመስኮቱም ሰው የሚያስገባበት ወቅት ነው። ስምንት ወር ተኩል ሆድ ይዛ እዚያ ውስጥ ልትገባ አትችልም። ቦሎው መገኘት ነበረበት። ለዚያውም ቶሎ።

በዚያ ሰሞን ከጎንደር አንድ መርማሪ ወርዶ በከተማው ኳስ ሜዳ ላይ መኪና ይመረምር ነበር። አቶ ዘላለም ይባላል። ቀጭን፣ ትሑት፣ ደጋ የለመደ ሰው ነው፤ ሙቀቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስለ ደበደበው ፎጣ በውሃ እያራሰ ራሱ ላይ ጣል ያደርጋል። የጭስ መለኪያ መሣሪያ ይዞ ነበር የመጣው፤ መሣሪያውም እንደ ባለቤቱ ሙቀቱን አልቻለውም፣ ሳጥኑ ውስጥ ተኝቷል። ስለዚህ አቶ ዘላለም በአሮጌው ዘዴ ይሠራል። ነጭ ጨርቅ ሽቦ ላይ አስሮ ከጭስ መውጫው ፊት ይይዛል፣ ሾፌሩ ሦስት ጊዜ ነዳጅ ይሰጣል፣ ከዚያ ጨርቁ ይታያል።

ተራዬ ደረሰ።

«መምህር፣ ነዳጅ ይስጡ» አለኝ ከኋላ።

ሰጠሁ። ዝም።

«ሰጡ?»

«ሰጥቻለሁ።»

«ጨመር ያድርጉት እስቲ።»

ጨመርሁ። ዝም። አቶ ዘላለም ነገሩ ግራ ቢገባው ጎንበስ ብሎ ወደ ጭስ መውጫው ተመለከተ። ፒካፗ ስድቡ የገባት ይኸኔ ነው። አፏጨች፤ ከዚያ ኳስ ሜዳው ጨለመ። ከእኔ ቀጥለው የተሰለፉት ሾፌሮች መስኮት ሲዘጉ ይሰማኛል። ጭሱ እየሳሳ ሲሄድ መጀመሪያ ፎጣው ታየ፤ ጥቁር ሆኗል። ቀጥሎ አቶ ዘላለም ታየ። ነጩ ጨርቅ የት እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሰውዬው አልተቆጣም። ይኸ ነው የባሰብኝ። ፊቱን በእጅጌው ጠረገ፣ ቅጹን አወጣ፣ «ጭስ» በሚለው መስመር ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «አለ» ብሎ ጻፈ።

«እስከሚመጣው ዓርብ እዚሁ ነኝ» አለኝ። «አስተካክለው ይመለሱ።»

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ከተማ ገባ። ምክርም ተከትሎት መጣ። የኬሚስትሪው አስተማሪ አየር ማጣሪያውን በሳሙና እጠበው አለ። አንዱ ሌሊቱን ሙሉ ንዳትና ጥቀርሻዋን አራግፍ አለ። ሌላው መርማሪው ጨርቁን ሲይዝ ሞተሩን አጥፋው አለ። ሁሉንም አመስግኜ አለፍሁ። የተቀበልሁት የጋሽ ታምራትን ምክር ነው።

ጋሽ ታምራት ከጎንደር ወርደው ሰሊጥ የሚያለሙ ባለሀብት ናቸው። በእሳቸው ዘንድ የሰሊጥ ዘይት የማያድነው ነገር የለም። ለሳል ሰሊጥ፣ ለተሰነጠቀ ተረከዝ ሰሊጥ፣ ለሚንጫጫ የበር ማጠፊያ ሰሊጥ፣ ለፀጉር መነቀል ሰሊጥ። ጋሽ ታምራት ራሰ በራ ናቸው። ይኸን ያን ጊዜ ማስተዋል ነበረብኝ።

«ናፍጣ ብቻዋን ስትነድ ጥቁር ነው የሚወጣት» አሉኝ። «ግማሽ በግማሽ ሰሊጥ ቀላቅልባት። ኩራዝ ላይ አይተህ አታውቅም? የጋዝ ጭስና የሰሊጥ ጭስ አንድ ነው እንዴ?»

«አይደለም ጋሼ።»

«አንተ ደግሞ የተማርህ ነህ። ዘይት አይነድም ወይ?»

«ይነዳል።»

«ታዲያ!»

ፊዚክስም የሚለው ያንኑ ነው። ከድንበሩ ማዶ ግመል እያዞረ የሚጨምቀውን ወፍራም ዘይት አንድ ጀሪካን ሙሉ ሰጡኝ። በጥንቃቄ ቀላቀልሁት። አለምነሽ ደጅ ቆማ ታየኛለች።

«ወጥ ልትሠራባት ነው?» አለችኝ።

«ጭሱን ያነጣዋል።»

«እኔ ያልሁህ ስለ ጭሱ አይደለም።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አልኋት። የማውቀው ነገር አልነበረም።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ኳስ ሜዳ ሄድሁ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፤ የነቢያት ጾም ገብቷል፣ ጿሚው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም፣ እኔ ደግሞ ትኩስ የተቆላ ሰሊጥ እየሸተትሁ በከተማው መሐል አለፍሁ። ሰው ከየሱቁ ብቅ እያለ አየኝ። አንዲት ሴት ልጇን «ማነው በዚህ ሰዓት የሚቆላው?» ስትለው ሰማሁ። ከጭስ መውጫው ጠብ ጠብ የሚለውን ቅባት የቀመሱ ዶሮዎች ተከተሉኝ። ኳስ ሜዳው ላይ ስቆም ሰባት ነበሩ፤ አንዱ አውራ ነው።

አቶ ዘላለምም ይጾማል። ከሩቅ ሳለሁ አፍንጫው ቀና ሲል አየሁት። አዲስ ነጭ ጨርቅ አሰረ፤ በዚህ ጊዜ ሽቦውን በጣም አስረዝሞታል። ነዳጅ ሰጠሁ። ዝም አለች፣ አፏጨች፣ ጭሱ ወጣ። ነጣ ያለ፣ የሚያውድ ጭስ! ተሰልፈው የቆሙት ሾፌሮች ምራቃቸውን ዋጡ። ጨርቁ ቅባት ነካው እንጂ አልጠቆረም። አቶ ዘላለም ጨርቁን ወደ አፍንጫው አስጠጋ፤ ትንሽ ቆየ። እንደገና አሸተተው።

«ምንድነው የሚሸተው መምህር?»

«ወቅቱ ነዋ» አልሁት። «አገሩ ሁሉ ሰሊጥ ነው።»

ዶሮዎቹ በእግሩ ሥር ይለቅማሉ። አቶ ዘላለም እነሱንም አየ፣ እኔንም አየ። ቅጹን አወጣና «ጭስ» በሚለው መስመር ላይ ብዙ ካሰበ በኋላ «የከፋ አይደለም» ብሎ ጻፈ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። እጄን ዘርግቼ ቦሎዬን ልቀበል ስል፣

«አንዴ ኮፈኑን ይክፈቱልኝ» አለ።

ከእኔ በፊት የነበሩትን ማንንም ኮፈን አላስከፈተም። ከፈትሁ። አቶ ዘላለም ወዲያ ወዲህ ሳይል፣ ራሱ ያስቀመጠውን ዕቃ እንደሚያነሣ ሰው ጣቱን ቀጥታ ቱርቦው ላይ አሳረፈ።

«ይኸ ሊብሬው ላይ አለ?»

«ሊብሬው ላይ እንኳ የለም።»

«ታዲያ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ዳገት ይወጣል» አልሁት።

«መኪናዋ ይኸን ትሸከማለች ተብላ አልተመዘገበችም፣ መምህር። ፍሬኗም፣ ጎማዋም ለዚህ አልተሠራም። ያውጡትና ዓርብ ይምጡ።»

ለክርክር አፌን ከመክፈቴ ሞተሩ ጠፋ። ወፍራሙ ዘይት የነዳጅ ማጣሪያውን ደፍኖት ኖሯል። የተሰለፉት ሾፌሮች ወርደው እስከ ኒሙ ዛፍ ገፉልኝ። ዶሮዎቹ እስከ ግማሽ መንገድ ሸኙን።

ኡስታ ገብሬ ነገሩን ሰምቶ አልደነገጠም።

«አትጨነቅ። እንፈታዋለን፣ ቦሎውን ትለጥፋለህ፣ መልሰን እንገጥመዋለን። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይኸንን ነው» አለኝ። ልቤ መለስ አለ። ማጣሪያውን ቀየረ፣ ታንከሯን አራገፈ፣ ፖምፓውን ወደ ድሮው መለሰ፣ ቱርቦውን ፈታ። ከዚያ እጁን ጨርቅ ላይ እየጠረገ ቆመ።

«የድሮውን የጭስ ብረት አምጣው።»

«የትኛውን?»

«አስቀድሜ የፈታሁትን።»

«ጣለው አላልሁህም?»

«አልኸኝ። ጣልሁት።»

ያለ እሱ ሞተሩ አይገጠምም። ረቡዕን ሙሉ ስንፈልግ ዋልን። የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴዎችን ጠየቅን፣ ከጋራዡ ጀርባ ያለውን ጉድጓድ በዱላ ቆፈርን። ሐሙስ ረፋድ ላይ ተስፋ ቆርጠን መናኸሪያው አጠገብ ሐዋ ዘንድ ሻይ ልንጠጣ ተቀመጥን። ሐዋ ሻይና ከርከዴ የሚባለውን ቀይ የአበባ ሻይ የምትሸጥ ሴት ናት፤ የመናኸሪያው ሰው ሁሉ የሚያውቃት። ኡስታ ገብሬ ብርጭቆውን እንደ ያዘ ደርቆ ቀረ። ዓይኑን ተከትዬ ሳይ፣ የሐዋ ትልቁ የከሰል ምድጃ አንድ እግሩ ተሰብሮ፣ በእግሩ ፈንታ የእኔ የጭስ ብረት ቆሟል።

«ሐዋ» አልኋት በለሆሳስ፣ «ይኸ ብረት የእኔ ነው።»

«የተጣለ ነው። አንሥቼው ነው» አለች ሳትዞር።

«እኔው ነኝ የጣልሁት።»

«እንዲያ ከሆነማ ያንተ አይደለም።»

በዚህ መልስ ላይ ኡስታ ገብሬ ራሱን በአዎንታ ሲነቀንቅ አየሁት። ገንዘብ ልስጥሽ አልኋት፤ ገንዘብ ምድጃ አያቆምም አለች። ጡብ አመጣሁ፤ ምድጃው ወደ ግራ ዘመመ። ሁለት ድንጋይ አነባበርሁ፤ ወደ ቀኝ ዘመመና በራዱ ከርከዴውን ሱሪዬ ላይ አፈሰሰው። ስለ ሚዛንና ስለ ስበት ማዕከል አስር ዓመት ያስተማርሁ ሰው፣ አውቶቡስ በሚጠብቁ ሳሉጎች ፊት አንድ ምድጃ ማቆም አቃተኝ። አንዱ ወጣት «መምህር ናቸው እኮ» ሲል ጓደኛው «ለዚህ ነዋ» አለው።

በመጨረሻ ሐዋ ከመቀመጫዋ ተነሥታ መጣችና ኡስታ ገብሬ በማዳበሪያ ከረጢት ይዞት የሚዞረውን ቱርቦ አየችው።

«እሱስ ምንድነው?»

«እሱ አይሆንም!» አልን ሁለታችንም።

አወጣችው፣ በእጇ መዘነችው፣ ከምድጃው ሥር አስገባችው። ምድጃው ቀጥ አለ። ነካ አደረገችው፤ አልተነቃነቀም። በራዱን አስቀመጠች፤ ውሃው እንኳ አልተወዛወዘም።

«ኻላስ፣ በቃ። ይኸ ይሻላል» አለችና የድሮውን ብረት በእግሯ ገፋ አድርጋ ሰጠችኝ።

ኡስታ ገብሬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «አሁን እንስጣት፤ ከቦሎው በኋላ እናስመልሳለን» አለኝ። ሐዋን ቀና ብዬ አየኋት። የሷን ዓይን ያየ ሰው እንዲህ ያለ ተስፋ አይሰንቅም። ቱርቦዬ እዚያው ቀረ፤ እኔም ከርከዴ ያቀለመውን ሱሪዬን ይዤ ተመለስሁ።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ፣ አቶ ዘላለም ወረቀቱን ሊሰበስብ ሲል ደረስሁ። ሰውነቱ መንምኗል፤ ክንዱ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል። ነጩን ጨርቅ ያዘ፣ ሦስት ጊዜ ነዳጅ ሰጠሁ። ፒካፗ እንደ ጥንቷ በትሕትና አጉረመረመች። ጨርቁ አመድማ እንኳ አልሆነም። ኮፈኑን ከፍቶ አየ፣ ዘጋው፣ ፈረመ። ቦሎውን ሲሰጠኝ እጄን ጨብጦ፣

«ባለቤትዎን በደህና ያድርሱ፣ መምህር» አለኝ።

አመሰገንሁት። ደስታ ጆሮ ይደፍናል፤ ስለ ባለቤቴ ነግሬው እንደማላውቅ ትዝ ያለኝ በማግስቱ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አለምነሽን አሳፍሬ ተነሣሁ። ኬላው ላይ ፖሊሱ ቦሎዬን አይቶ እለፍ አለኝ። ነጋዴ ባሕርን አለፍን፣ ዳገቱን ያዝን። ፒካፗ ወደ ልማዷ ተመለሰች፤ የመንገድ ዳር ሣሩን አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል። የኋላችን መኪና ሁሉ ጥሩምባ እየነፋ አለፈን። አፈርሁ፤ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ።

«ይቅርታ አለሜ» አልኋት። «ቱርቦው ቢኖር ይኼኔ እናትሽ ቤት ነበርን።»

አለምነሽ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«አቶ ዘላለም ጤና ጣቢያ መጥቶ ነበር» አለችኝ።

«መርማሪው?»

«ሰኞ ለታ። ሙቀቱ ጥሎት ነበር። ግሉኮስ የሰቀልሁለት እኔ ነኝ።» ወደ መንገዱ ነው የምታየው። «ኮፈኑን እንዲያስከፍትህ የነገርሁትም እኔ ነኝ። የት ጋ እንዳለም ሣልሁለት። አንተ በሣልህልኝ ወረቀት ጀርባ ላይ።»

አንድ አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋ አልፎን ሄደ።

«ያስፈራኛል ብዬ ስንት ጊዜ ነገርሁህ?» አለች፤ ድምፅዋ አልጨመረም። «አንዴ ፉጨት ነው አልኸኝ። አንዴ ሥዕል ሣልህልኝ። ከዚያ ሰሊጥ ስትቀላቅል አየሁህ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላሉ። እኔ ደግሞ ከመከራው በፊት እስቲ መርማሪው ይምከረው አልሁ። ካንተ ጋራ ማኅተም ያለው ሰው ነው የሚግባባው።»

ልቆጣ ፈለግሁ። በደንብ ፈለግሁ፤ የሚያስቆጣ ነገር ግን አጣሁ። ዞር ብዬ አየኋት። አንድ እጇ ሆዷ ላይ ነው፣ ሌላው መስኮቱ ላይ ዘና ብሏል። ቱርቦው በነበረ ጊዜ በተሳፈረችባቸው በእነዚያ ሁለት ቀኖች፣ ሁለቱም እጆቿ የበሩን እጀታ ጨብጠው ጣቶቿ ነጥተው ነበር። አይቻቸዋለሁ። ያን ጊዜ ያየሁት እጀታው እንዳይነቀል ፈርቼ ነበር። እንደዚህ አፍሬ አላውቅም፤ በሬ የሚነዱት ሽማግሌ ፊት እንኳ።

«በጣም ፈርተሽ ነበር?» አልኋት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

«በጣም» አለችኝ።

«አሁንስ?»

«አሁን እንቅልፌ መጣ» አለችና ራሷን ትከሻዬ ላይ አሳርፋ ተኛች።

ዳገቱ ላይ አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ነበር። ከላይ መንገዱ ለጥ ሲል መቀየር ነበረብኝ፤ ለመቀየር ደግሞ ያንን ትከሻዬን ማንቀሳቀስ ግድ ይላል። እስከ አይከል ድረስ በአንደኛ ማርሽ ሄድሁ።